የእርሻ ኮሌጅና የጎንደር እህል ነጋዴ

ከወገራ፣ ከዳባትና ከደባርቅ ወደ ጎንደር ከተማ የሚወርደው ገብስ ከጥንት ጀምሮ የደጋው ሕዝብ ምግብና መጠጥ ሆኖ ኖሯል። ቆሎው፣ በሶው፣ እንጀራውና ጠላው ሁሉ ከእርሱ ይገኛል። ነጋዴውም እህሉን ሲገዛ በዐይኑ አይቶ፣ በእጁ ዘግኖ፣ በጥርሱ ሰብሮ ነበር፤ ይህም ምርመራ ለጠላ ጠማቂዋና ለቤት እመቤቷ በቂ ነበር። ዳሸን ቢራ ፋብሪካ በ1992 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ ከተቋቋመ፣ በኋላም የብቅል ፋብሪካ ከተጨመረ ወዲህ ግን አዲስ ዐይነት ገዢ ወደ ገበያው ገብቷል። ይህ ገዢ እህሉን የሚመረምረው በጥርስ ሳይሆን በላቦራቶሪ ነው። ስለዚህ በደጋው ገበሬና በከተማው ነጋዴ መካከል ሦስተኛ ወገን አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይኸውም በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደረው የእርሻ ኮሌጅ ነው።

አዲሱ ገዢ የሚጠይቀው

ብቅል ማለት ገብስን ነክሮ፣ አብቅሎና አድርቆ ማዘጋጀት መሆኑን በየቤቱ ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ሁሉ ያውቁታል። ፋብሪካውም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ የሚለየው በብዛቱና በጥንቃቄው ነው። ከ100 ፍሬ ገብስ ቢያንስ 95ቱ ሊበቅሉ ይገባል። በፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከመቶ ከ9 እስከ 12 ገደማ እንዲሆን ይፈለጋል፤ ከዚህ ቢበልጥ ከብቅሉ የሚገኘው ስኳር ያንሳል፣ ቢራውም ለመደፍረስ ይቀርባል። እርጥበቱ ከመቶ ከ13 ባይበልጥ ይመረጣል፤ ርጥብ ሆኖ የተከመረ ገብስ ይግልና የመብቀል ኃይሉን ያጣል። ከዚህም ሁሉ ጋር ፍሬው አንድ ዘርና አንድ ልክ መሆን አለበት፤ ሁለት ዐይነት ገብስ አንድ ላይ ቢነከር አንዱ ቀድሞ ሲበቅል ሌላው ገና ውሃ እየጠጣ ይቆያልና።

ይህ ሁሉ በአብዛኛው የሚበላሸው እህሉ ፋብሪካው በር ሳይደርስ ነው። ገበሬው የናይትሮጅን ማዳበሪያ ከልክ በላይ ቢጨምር ፕሮቲኑ ከፍ ይላል፤ በውቂያ ጊዜ ፍሬው ቢሰበር አይበቅልም፤ ነጋዴው ከልዩ ልዩ ሥፍራ የገዛውን ልዩ ልዩ ዘር በአንድ መጋዘን ቢያቀላቅል ጥሩውም ከመጥፎው ጋር ከብቅል ደረጃ ወርዶ በምግብ ገብስ ዋጋ ይሸጣል። በዚህ ጊዜ ጉዳቱ የገበሬውም የነጋዴውም ነው። ከዚህም አልፎ የአገር ጉዳት አለበት፤ የኢትዮጵያ ቢራ ፋብሪካዎች የአገር ውስጡ ብቅል ሳይበቃቸው ቀርቶ ለብዙ ዓመታት ከአውሮፓ በውጭ ምንዛሪ ሲያስመጡ መኖራቸውን አስመጪዎች በሚገባ ያውቁታል።

ሦስቱ ጉልቻዎች

በመንግሥት ተቋቁሞ ለገበሬው የሚሠራ ከፍተኛ የእርሻ ኮሌጅ በኢትዮጵያ የተመሠረተው በአሜሪካ ምሳሌ ነው። በዚያ አገር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1862 በወጣ ሕግ ለየክፍለ ሀገሩ የመንግሥት መሬት ተሰጥቶ፣ ከሽያጩ በተገኘው ገንዘብ ኮሌጆች ተቋቋሙ፤ በ1887 የምርምር ጣቢያዎች ተጨመሩላቸው፤ በ1914 ደግሞ ዕውቀቱን ለገበሬው የሚያደርስ የኤክስቴንሽን አገልግሎት ተደራጀ። ማስተማር፣ መመርመርና ማዳረስ እንደ ሦስት ጉልቻ ሆነው አንዱን ድስት ተሸከሙ።

ኢትዮጵያም በ1944 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ባደረገችው ስምምነት መሠረት በኦክላሆማ ኮሌጅ እርዳታ በሐረርጌ፣ ዓለማያ ላይ የእርሻና የሜካኒክ ጥበብ ኮሌጅ አቋቋመች። ሕንጻው እስኪያልቅ ድረስ ትምህርቱ በጅማ ተሰጠ፤ ኮሌጁም በጥር ወር 1950 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተመረቀ። በመጀመሪያው ዕቅድ ሦስቱም ጉልቻዎች በኮሌጁ እጅ ነበሩ። ነገር ግን በ1950ዎቹ አጋማሽ የኤክስቴንሽኑ ሥራ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ራሱን ችሎ ተቋቋመ። እያንዳንዱ እርምጃ የየራሱ ምክንያት ነበረው፤ አንድ ኮሌጅ የሰፊውን አገር ገበሬ ሁሉ ሊያዳርስ አይችልምና። ይሁን እንጂ ትምህርቱ በአንድ ቤት፣ ምርምሩ በሌላ ቤት፣ ገበሬውን የሚያነጋግረው ሠራተኛ በሦስተኛ ቤት ተቀመጠ። ነጋዴውም ከሦስቱ የየትኛውን ደጅ ማንኳኳት እንደሚገባው ሳይለይ ቀረ።

ገበያውን የሰማ ምርምር

ምሁርና ገበያ ሲገናኙ ምን ፍሬ እንደሚገኝ የጤፍ ታሪክ ያስረዳል። ለብዙ ዘመን በዓለማያ ኮሌጅ ሥር በነበረው በደብረ ዘይት የምርምር ጣቢያ የጤፍን ዘር ለማዳቀል ብዙ ተደክሟል። አበባው እጅግ ደቃቅ ነውና ሥራው አስቸጋሪ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባው በማለዳ ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሚከፈት ስለ ደረሱበት ማዳቀሉ ተቻለ። ከዚያ በኋላ ብዙ ምርት የሚሰጡ ዘሮች ቢገኙም ሁሉም በገበያ አልተወደዱም። 974 የተባለው ዘር ምርቱ ብዙ ሲሆን የፍሬው ንጣት ግን ገዢውን አላረካም፤ 196 የተባለው ደግሞ እጅግ ነጭ ሆኖ ምርቱ አነስተኛ ነበር። ሁለቱን በማዳቀል የተገኘው «ቁንጮ» በ1998 ዓ.ም. ለገበሬው ተለቀቀና በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ አውራጃ ተስፋፋ። የፍሬ ንጣት ከምሁሩ ይልቅ የነጋዴውና የባለ እንጀራዋ ጉዳይ ነው፤ ምርምሩ የተሳካለት ይህን ጉዳይ እንደ ራሱ አድርጎ በተቀበለ ጊዜ ነው።

ስለ ገብስም ቢሆን ነጋዴውን የሚያስደንቅ ነገር አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት የጀርመን ሊቃውንት ከኢትዮጵያ የሰበሰቡት የአገር ቤት ገብስ፣ ቅጠልን እንደ አመድ የሚያለብሰውን በሽታ የሚቋቋም ኃይል ተገኘበት፤ የአውሮፓ አዳቃዮችም ይህን ኃይል ከ1979 ጀምሮ ወደ ራሳቸው የቢራ ገብስ አስገቡት። ስለዚህ ከባሕር ማዶ በገንዘብ ተገዝቶ በሚመጣው ብቅል ውስጥ የኢትዮጵያ ደጋ ዘር ድርሻ ሊኖርበት ይችላል። ገብሱን ጠብቆ ያቆየው ገበሬ ነው፤ የተደበቀውን ጥቅም ፈልጎ ያወጣው ግን የምርምር ተቋም ነው።

በጎንደር ያለው ሁኔታ

ጎንደር በዚህ ረገድ ድሃ አይደለችም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ትምህርት ይሰጣል፤ ደባርቅም በቅርብ ዓመታት የራሱን ዩኒቨርሲቲ አግኝቶ እርሻን በደጋው መካከል ያስተምራል። የጎንደር የእርሻ ምርምር ማዕከል በከተማው ይገኛል። በባሕር ዳር መንገድ ላይ ያለው የወረታ የእርሻ ኮሌጅ ደግሞ በፎገራ ሜዳ ጫፍ ነው፤ በዚህ ሜዳ ላይ በ1970ዎቹ የተለመደው ሩዝ ዛሬ ከጤፍ ጋር እየተቀላቀለ እንጀራ እስከ መሆን ደርሷል። የሕዝቡ ምግብ በዐይን ፊት እየተለወጠ መሆኑን ለመረዳት የእህል በረንዳን መመልከት ይበቃል።

የጎደለው ግንኙነቱ ነው። በ1990ዎቹ የእርሻ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በየአውራጃው ሲስፋፉ፣ በየቀበሌው ሦስት የልማት ሠራተኞች እንዲመደቡ ተወሰነ፤ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለከብት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። የገበያ ዕውቀት ግን ከሦስቱ እንደ አንዱ ሆኖ አልተቆጠረም። ስለዚህ ሠራተኛው ገበሬውን ብዙ እንዲያመርት ሲመክረው፣ ለማን እንደሚሸጥና ገዢው ምን ዐይነት ፍሬ እንደሚሻ አብሮ ለመንገር አልተዘጋጀም።

ትምህርትን ከችግሩ ሥፍራ ማገናኘት ለጎንደር እንግዳ አይደለም። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር፣ ቀደም ብሎ በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ጨርሶ ነበር፤ ተማሪዎቹም ከክፍል ትምህርት ሌላ በየጤና ጣቢያው በቡድን ተሰማርተው እየሠሩ እንዲማሩ ተደረገ። የእርሻ ተማሪም በመጋዘን፣ በወፍጮ ቤትና በብቅል ፋብሪካ ውሎ ቢማር ይኸው መንገድ ያዋጣዋል።

ኮሌጁ ሊመዝነው የሚገባ ሌላም ጉዳይ አለ። የደጋው ገበሬ የአገር ቤቱን ገብስ ለመተው የሚያመነታው ካለማወቅ አይደለም። ቶሎ የሚደርሰው ገብስ ጎተራ በሚራቆትበት በክረምቱ መውጫ ቤተሰቡን ያተርፍለታል፤ ገለባው ለከብቱ፣ ፍሬው ለጠላውና ለቆሎው ይሆናል። የቢራ ገብስ ዋጋ አታሎት ማሳውን ሁሉ ለአንድ ገዢ ቢያውል፣ ገዢው በቀረበት ዓመት ገበሬው ራሱ እህል ሸማች ሆኖ ወደ ገበያ ይወርዳል። ይህ ለነጋዴውም አይበጅም፤ የተራበ ገበሬ ጨርቅም፣ ቆርቆሮም፣ ጨውም አይገዛምና። ከማሳው ስንት ለምግብ፣ ስንት ለፋብሪካ ቢሆን እንደሚሻል ወገን ሳይለይ መርምሮ ሊመክር የሚችለው ትርፍ የማይፈልግ የመንግሥት ተቋም ነው።

ከነጋዴው የሚጠበቀው

የጎንደር ነጋዴዎች ኮሌጆቹ እስኪመጡላቸው መጠበቅ አይገባቸውም። በመጀመሪያ፣ ንጹሕ ዘር ላመጣና ሳይቀላቅል ላስረከበ ገበሬ የዋጋ ብልጫ ሊከፍሉት ይገባል፤ ጥሩውና መጥፎው በአንድ ዋጋ በሚገዛበት ገበያ የኮሌጅ ምክር ሁሉ ከንቱ ነው። ሁለተኛ፣ የየሥፍራውን ገብስ በየክምሩ ለይተው እያስቀመጡ ከየክምሩ ጥቂት ናሙና አስመርምረው ከዚያ በኋላ ቢሸጡ፣ ጭነታቸው ከፋብሪካ በር የመመለስ አደጋው ይቀንሳል። ሦስተኛ፣ የእርሻ ተማሪዎችን በመጋዘናቸው ለልምምድ ቢቀበሉ፣ ነገ የልማት ሠራተኛ የሚሆነው ወጣት የገበያውን ቋንቋ ከወዲሁ ይማራል።

ከእነዚህም ሁሉ አስቀድሞ ጊዜውን ማወቅ ያስፈልጋል። የደጋው ገብስ በሰኔ ገደማ ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበሰባል። በታኅሣሥ የእህሉን ጉድለት ለገበሬው መንገር ጠብ ከማትረፍ በቀር የሚለውጠው ነገር የለም። የንግድ ምክር ቤቱ አባሎች፣ የኮሌጆቹ መምህራንና የፋብሪካው ገዢዎች በአንድ ጠረጴዛ ሊቀመጡ የሚገባቸው በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ዘሩ ገና በጎተራ ሳለ ነው። በደብረ ብርሃን በኩል በውጭ አገር ኩባንያ የተቋቋመው የብቅል ፋብሪካ በአካባቢው ካሉ ገበሬዎች ጋር ውል እየያዘ በሚሠራበት በዚህ ዘመን፣ የሚቀድመውን ዓመት ያለ ምክክር ያሳለፈ የጎንደር ነጋዴ ገበያውን ለሌላ እንደ ለቀቀ ይቆጠራል።