ከላይ ሰማይ፣ ከታች ገብስ፦ የሰሜን ተራሮች ዕፀዋት በሙቀት ዘመን

ከጎንደር ከተማ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ የደረሰ ሰው ገና ደጋ ላይ ነው። በሳንቃበር በኩል ወደ ግጭ ሲዘልቅ ገብሱ እየሳሳ፣ የአስታው ዛፍ እያጠረ ይሄዳል። ከ3,700 ሜትር ገደማ በላይ ሜዳውን የጓሳ ሣርና ጅብራ የተባለው ግዙፍ ተክል ይረከቡታል። ሳይንቲስቶች አፍሮ አልፓይን የሚሉት ይህ የውርጭ አገር ነው። በአፍሪካ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው መሬት አብዛኛው የሚገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ በመሆኑ፣ የአየር ንብረት ለውጥ በአህጉሩ የተራራ ዕፀዋት ላይ ምን ያደርሳል ብሎ የሚጠይቅ ተመራማሪ ወደዚህ መምጣቱ አይቀርም።

ጥናቱ የጀመረው በስም ማውጣት ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሰሜንን አይቶ ዋልያንና ጭላዳን ለዓለም ሳይንስ ሲያስተዋውቅ፣ የሰበሰባቸው ዕፀዋትም ፍራንክፈርት ደርሰዋል። ጅብራ በሳይንስ መጽሐፍ የገባው በዚያ መንገድ ነው። በ1837 የመጣው ሌላው ጀርመናዊ ሺምፐር ደግሞ እስከ ዕለተ ሞቱ ኢትዮጵያን ሳይለቅ ዕፀዋት ሲሰበስብ ኖረ፤ የተራራው ጦስኝ ሳይንሳዊ ስም ዛሬም እሱን ይጠራል። ሥራውን ኢትዮጵያውያን በእጃቸው ያስገቡት ዘግይተው ነው። ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ስዊድናዊው ኦሎቭ ሄድበርግ በ1980 የጀመሩት የኢትዮጵያ ፍሎራ ፕሮጀክት የመጨረሻ ቅጹን ያወጣው በ2009 ነበር።

ጅብራ የዚህ ምርምር ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነው በመልኩ ብቻ አይደለም። ከኢትዮጵያ ውጭ አይበቅልም። ቀን ፀሐይ የሚፋጅበት፣ ሌሊት ውርጭ የሚወርድበት አገር ልጅ ነው፤ ሲመሽ ቅጠሎቹን አጥፎ እምቡጡን ይሸፍናል። ለብዙ ዓመታት ሳያብብ ይቆይና አንዴ ብቻ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአበባ ዘንግ አውጥቶ፣ ዘሩን አርግፎ ይሞታል። ማስረሻ ፈጠነና ባልደረቦቹ በ1997 ባሳተሙት ጥናት የመረመሩት፣ ሌሊቱን በብርድ የደነዘዘው ቅጠል ማለዳ ላይ ኃይለኛ ብርሃን ሲመታው ምግብ የማዘጋጀት አቅሙ እንዴት እንደሚጎዳ ነው። እንዲህ ያለ ተክል ለሙቀት አልተሠራም።

ስሌቱ ቀላልና ጨካኝ ነው። ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ አየሩ በ3 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ዛሬ 4,000 ሜትር ላይ ያለው ቅዝቃዜ 500 ሜትር ወደ ላይ ይሸሻል። ራስ ደጀን ራሱ ከ4,500 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ተራራ ደግሞ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ይጠብባል። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ኢትዮጵያዊው ሥነ ምህዳር ተመራማሪ ደሳለኝ ጫላና ባልደረቦቹ ይህን በሁለት የአየር ንብረት ሞዴሎችና በአራት የልቀት መላምቶች ፈትሸው በ2016 አሳተሙ። በ2080 ለጅብራ የሚመቸው መሬት በአማካይ 3.4 በመቶ ብቻ ይተርፋል፤ የዘረመል ብዝኃነቱ 82 በመቶ ይጠፋል፤ የቀረውም በአራት የተራራ ጫፎች ላይ ይበታተናል። አስደንጋጭ ቁጥር ነው፤ ሁሉም ስሌቶች ወደ አንድ አቅጣጫ መጠቆማቸው ደግሞ ለማጣጣል አይመችም። ያው ቡድን በተከታዩ ዓመት፣ በበረዶ ዘመን ዕፀዋቱ ከተራራ ተራራ የሚሻገሩባቸው ቀዝቃዛ መተላለፊያዎች ነበሩ ወይ ብሎ ጠየቀ። ለአንዳንዶቹ ነበሩ፤ ሌሎቹ ዘራቸው ሩቅ ካልበረረ በቀር መሻገሪያ አልነበራቸውም። ዛሬማ በመካከሉ ያለው እርሻ ነው።

ችግሩ ሞዴሉ በግ አለማወቁ ነው። የቤልጅየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአፍሪካን ተራሮች የዛፍ ወሰን ሲገመግሙ ያገኙት፣ አየሩ ቢሞቅም ወሰኑ በብዙ ቦታ ወደ ላይ አለመውጣቱን ነው፤ ግጦሽ፣ ማገዶና እሳት ይዘውታል። በሰሜንም የገብስ ማሳ ከታች ይገፋል። በ2019 የተነሳው ቃጠሎ አስታውንና ጓሳውን ሲበላ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስከመምጣት ተደርሷል።

ከቃጠሎው በፊት፣ በ2016፣ ከ400 በላይ የግጭ አባወራዎች ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወጥተው ደባርቅ ሰፈሩ። ከ1996 ጀምሮ በዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ የነበረው ፓርክ በ2017 ከመዝገቡ ተሰረዘ። ለሰፋሪዎቹ ከባድ የኑሮ ለውጥ የነበረው ይህ እርምጃ ለሥነ ምህዳር ተመራማሪ አንድ ራስ ምታት ይፈጥራል፦ አስታ ነገ ወደ ግጭ ሜዳ ቢወጣ ያወጣው ሙቀቱ ነው ወይስ የከብቱ መራቅ? መለያው ዘዴ የታወቀ ነው። ግሎሪያ የተባለው መርሐ ግብር ከ2001 ጀምሮ በአውሮፓ ተራራ ጫፎች ላይ ቋሚ መደቦችን ከልሎ፣ ትንንሽ ሙቀት መለኪያ አፈር ውስጥ ቀብሮ፣ በየጥቂት ዓመቱ እየተመለሰ ይቆጥራል። በሰሜን ደግሞ አንዱን መደብ ማጠር፣ ጎረቤቱን ለግጦሽ ክፍት መተው ያስፈልጋል። የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ከተራራው ግርጌ ነው፤ የጎንደሩም ሩቅ አይደለም። አጥሩና መለኪያው ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚከብደው መደቡን ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ሳያቋርጥ የሚቆጥር ሰው ማቆየቱ ነው።