የጭድ ተራ ሒሳብ፤ በውድ ከተማ በጥቂት ብር

ጭድ እንዲያው ሲታይ ዋጋ ያለው ነገር አይመስልም። እህሉ ተወቅቶና ተበራይቶ ወደ ጎተራ ከገባ በኋላ በአውድማው ላይ የሚቀር፣ ሲሶው ለከብት፣ ሲሶው ለነፋስ የሚሆን ነው። ይሁን እንጂ ይህ ትርፍራፊ በአዲስ አበባ የራሱ ተራ ወጥቶለት፣ በመርካቶ ውስጥ ከሸማው፣ ከቆርቆሮው፣ ከቅመሙና ከጌሾው ጋር እኩል ስም አግኝቶ «ጭድ ተራ» ተብሎ ይጠራል። ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ቁጠባ የምንጽፈውን የዛሬውን ጽሑፋችንን ከዚህ ሥፍራ መጀመራችን ያለ ምክንያት አይደለም።

አንባቢ እንደሚያውቀው፣ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች ወዲህ በአብዛኛው የተሠራችው በእንጨትና በጭቃ ነው። ባሕር ዛፍ ከባሕር ማዶ መጥቶ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በከተማይቱ ዙሪያ ከተተከለ በኋላ ቋሚውና ማገሩ በቅርብ ተገኘ። አፈሩ ከዚያው ከግቢው ይቈፈራል፤ ውሃ ይፈስበታል፤ ጭድ ይነሰነስበታል፤ በእግር ይረገጣል፤ ከዚያም ልክ እንደ ሊጥ እንዲቦካ ለቀናት ይተዋል። ጭድ የሌለበት ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጣጠቅና ከማገሩ ላይ ይረግፋል። ከጭድም የጤፍ ጭድ ቀጭንና ልስልስ በመሆኑ ለምርጊትም ለልስንም ይመረጣል። ይህ ብቻ አይደለም፤ የጥጥ ፍራሽ ለመግዛት ዐቅሙ ያልፈቀደለት ሰው ፍራሹን የሚሞላው በጭድ ነበር። እንግዲህ ያ ከተሜ ግድግዳውም መኝታውም ገበሬ ከአውድማ ከተረፈው ነገር የተገኘ ነበር ማለት ነው። ሊቃውንት በጉባኤ ተሰብስበው ቢመክሩ ከዚህ የተሻለ የቁጠባ ትምህርት ማግኘታቸውን እንጠራጠራለን።

መርካቶ ራሱ ሲቋቋም ለድሃው ታስቦለት አልነበረም። የፋሽስት ኢጣልያ ጦር ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን፣ ነጩንና ጥቁሩን በሠፈር ለመለየት ሲል የአራዳን ገበያ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ አንሥቶ ወደ ምዕራብ አዛወረው። ስሙም ከዚያው የቀረ ነው፤ «ሜርካቶ» በኢጣልያንኛ ገበያ ማለት ነውና። ወራሪው በ1933 ሄደ፤ ገበያው ግን ቀረ። ለማራቅ የተደረገውን ሥፍራ ሕዝቡ የራሱ አደረገው፤ የአገሪቱም ንግድ እምብርት እስከ መሆን ደረሰ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

ገንዘብ ሲረክስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው በማጀት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ እስከዚያ ዕለት ድረስ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንዱ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ነገሩን የኤኮኖሚ ዐዋቂዎች በሰፊው ጽፈውበታልና እኛ አንደግመውም። ለባለ ትንሽ ቤት ትርጉሙ አንድ ነበር፤ ዘይቱም፣ መድኃኒቱም፣ የልጁም ደብተር ትናንት በነበረበት ዋጋ አልተገኘም። ለመንግሥት ሠራተኛ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ዝቅተኛው የወር ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ተደርጓል። በዕለት ሥራ የሚያድረው ተሸካሚና ጉልት ተቀምጣ የምትውለው ሴት ግን የደመወዝ መዝገብ ላይ ስላልሠፈሩ፣ ጭማሪያቸውን ከራሳቸው ጉልበት መፈለግ አለባቸው።

በዚህ ጊዜ ብዙ መካሪ ይነሣል። «በጅምላ ግዙ፤ ርካሽ ሲሆን አከማቹ» ይላል። ምክሩ መልካም ነው፤ ብር ላለው። ችግሩ ግን ድሃ ሰው ሁሉን ነገር በችርቻሮ መግዛቱ ነው። ዘይቱን በትንሽ ጠርሙስ፣ ከሰሉን በጣሳ፣ ሽንኩርቱን በመደብ፣ በርበሬውን በማንኪያ ይገዛል። አምስት ሊትር ዘይት በአንድ ጊዜ ከሚገዛው ጎረቤቱ ጋር ቢተሳሰብ፣ ለእያንዳንዷ ጠብታ አብልጦ የከፈለው እርሱ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ገበያ ውስጥ እየገዙ ድሃው ከሀብታሙ በውድ ይገዛል ማለት ነው። ይህን ስንል ባለ ጉልቶችን ለመንቀፍ አይደለም። ጉልት የምትሸጠው ሴት ትርፏ ጥቂት ነው፤ በዚያም ላይ ወር ሳይደርስ ኪሱ ለደረቀ ጎረቤት በዱቤ የምትሰጠው እርስዋ እንጂ ትልቁ መደብር አይደለም። የዱቤዋ መዝገብ አንዳንዴ ከአሮጌ ደብተር የተቀደደ ወረቀት፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ጭንቅላቷ ብቻ ነው።

ታዲያ የመርካቶ ሰው ከችርቻሮው ወጥመድ እንዴት ይወጣል? መልሱ ዕቁብ ነው። ለምሳሌ ያህል 20 ሰዎች በየሳምንቱ 500 ብር ቢጥሉ፣ በየሳምንቱ አንዱ ዕጣ የወጣለት ሰው 10,000 ብር ይዞ ይሄዳል። ወለድ የለም፤ የባንክ ሰልፍም የለም፤ ዋስ ግን አለ፤ ዳኛና ጸሐፊም አለ። መጀመሪያ የደረሰው ብድር እንደ ወሰደ ይቈጠራል፤ መጨረሻ የደረሰው ደግሞ እንደ ቈጠበ ነው። (እርግጥ ዋጋ በየወሩ በሚጨምርበት ዘመን መጨረሻ የሚደርሰው ሰው ይጎዳል፤ የ20ኛው ሳምንት 10,000 ብር የመጀመሪያውን ሳምንት ዕቃ አይገዛምና። ስለዚህ ዕጣውን ለቸገረው የሚለውጡ፣ አለዚያም አስቀድመው ደርሷቸው እየሸጡ የሚያተርፉ አሉ።) ብዙ የመርካቶ ሱቅ የተከፈተው በዚህ ገንዘብ ነው። በተለይም የጉራጌ ነጋዴዎች በዕቁብ ከሊስትሮና ከጉልት ተነሥተው ባለ መደብር መሆናቸው በከተማው ሁሉ የሚነገር ነው።

ከዕቁብ በታች ደግሞ ስም የሌለው ማኅበር አለ። ሦስት አራት ሴቶች ገንዘባቸውን አዋጥተው ከእህል በረንዳ አንድ ኩንታል ጤፍ ይገዛሉ፤ የተሸካሚውን ዋጋ ይካፈላሉ፤ ወፍጮ ቤትም አብረው ይሄዳሉ። «ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለሎሚ ቢሆንም ለኩንታልም ይሠራል። ጤፉ ብቻውን አልችል ሲል ማሽላ፣ ገብስ፣ ወይም ሩዝ ይቀየጥበታል። እንጀራው ትንሽ ይጠቁራል ወይም ቶሎ ይደርቃል፤ የደረቀውም አይጣልም፤ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆንና ለፍርፍር ይቀመጣል።

ቡና መጠጣትን መተው ቁጠባ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኛ አንስማማም። አንድ ጊዜ የተቆላውና የተወቀጠው ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስት ጊዜ መቀዳቱ ራሱ ቁጠባ ነው። በዚያም ላይ ዛሬ ከእገሊት ቤት፣ ነገ ከእገሊት ቤት ስለሚፈላ ወጪው ይከፋፈላል። የትኛው ወፍጮ ቤት እንደማይሰርቅ፣ የሸቀጥ ዘይት በየትኛው ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅ እንደ ገባ፣ ማን ቤት እንደሚያከራይ የሚሰማው በዚያች ረከቦት ዙሪያ ነው። ቡናውን ያቋረጠች ሴት ከቡናው ዋጋ የበለጠ ነገር ታጣለች።

በመርካቶ የሚጣል ነገር አለ ብሎ የሚያስብ ሰው ምን አለሽ ተራን አላየም። የዘይት ቆርቆሮ ኩራዝና ምድጃ፣ የበርሜል ክዳን መጥበሻ፣ የአሮጌ መኪና ጎማ በርባሶ ጫማ ሆኖ ይወጣል። በየሠፈሩ «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅና አሮጌ ልብስ ተቀብሎ የፕላስቲክ ሳፋ የሚሰጠው ባለ ልዋጭ የዚህ ፋብሪካ አቅራቢዎች ናቸው። ከሰል ቈጣቢ ተብሎ በ1980ዎቹ ዓመታት የወጣው «ላቀች» ምድጃም በከተማው ማጀት ቦታ ያገኘው፣ በሸክላና በቆርቆሮ ሠሪዎች እጅ በቀላሉ ሊሠራ በመቻሉ ነው። ለሰልባጅ ደግሞ ምን እንላለን? ቦንዳው ሲፈታ ቀድማ የደረሰች እናት ለልጇ አዲስ ሊባል ከሚችል ሹራብ ጋር ትመለሳለች፤ ዘግይታ የመጣችው አዝራር የሌለውን ታገኛለች። ይህም ትምህርት ነው፤ የሚማሩት ግን በማለዳ በመነሣት ነው።

ሆኖም ቁጠባንና ችግርን አንድ አድርገን እንዳንናገር እንጠንቀቅ። በመርካቶ አካባቢ ከሆቴል የተረፈ ምግብ ተደባልቆ «ቡሌ» እየተባለ ይሸጣል። ይህን የሚበላ ሰው ቈጣቢ ነው ብሎ ማሞገስ ነውር ነው፤ ተርቦ ነው። በ2013 ዓ.ም. በከተማው አስተዳደር የተጀመሩት የምገባ ማዕከላት በቀን አንድ ጊዜ ምግብ የሚሰጡት እንዲህ ላለው ሰው ነው። ቁጠባ ማለት ያለውን ማብቃቃት ነውና፣ ከባዶው ማንም አያብቃቃም።

ከሁሉ የሚከብደው የቤት ነገር ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ፣ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩትን ቤቶች ለቀበሌ ሰጠ፤ ኪራይም ቀነሰ። የአዲስ ከተማ አሮጌ የጭቃ ቤቶች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የቀበሌ ቤት ሆኑ። ጣሪያቸው ያፈሳል፤ መጸዳጃቸው የጋራ ነው፤ ልስናቸውም በየክረምቱ ይረግፋል። ይሁንና ለዐሥርተ ዓመታት ያልጨመረው ያ ትንሽ ኪራይ ነው ቤተሰብን በመርካቶ እምብርት ያኖረው። እናቲቱ ከቤቷ ወጥታ በአምስት ደቂቃ መንገድ ጉልቷ ላይ ትደርሳለች፤ ለትራንስፖርት የምታወጣው ሳንቲም የለም፤ ምሳ ሰዓት ሮጣ ልጆቿን አብልታ ትመለሳለች።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በከተማው ዳርቻ መሠራት ሲጀምሩ፣ አሮጌው ሠፈር የፈረሰበትና ዕጣ የወጣለት ሰው ወደ ጀሞ፣ ወደ አራብሳ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ ሄደ። ውሃውና መጸዳጃው ከቤት ውስጥ ሆነ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የጭቃ ቤትን ከሩቅ ሆኖ የሚናፍቅ ሰው ክረምቱን በውስጡ ያላሳለፈ ነው። ነገር ግን በጭድ ተራ ሒሳብ ካሰላነው ያልታሰበ ወጪ ይመጣል። የባንኩ ዕዳ በየወሩ አለ። ወደ መርካቶ መሄጃና መመለሻ የታክሲ ገንዘብ አለ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በአውቶብስ ተራና በሰባተኛ በኩል ቢያልፍም ወደ እነዚያ ሩቅ ሠፈሮች ሁሉ አይደርስም። በአራተኛ ፎቅ ላይ ጉልት አይዘረጋም፤ ጠላ አይጠመቅም፤ በዱቤ የምትሰጥ ሴት በአንድ ዓመት አትገኝም፤ መተማመን ከሕንጻው ጋር አብሮ አይረከብምና።

ዕጣ ያልወጣለት ተከራይ ደግሞ ከግለሰብ ጋር ነው የሚዋዋለው። በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ተከራይ ሁሉ ይህን ቢያውቅ መልካም ነው። ውሉን በጽሑፍ አድርጎ ማስመዝገብ፣ የከፈለበትንም ማስረጃ መያዝ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ሽንኩርት ላይ በወር የሚድነው ብር ሁሉ አንድ ጊዜ በሚደረግ የኪራይ ጭማሪ ተጠርጎ ይሄዳል።

ወደ ዳርቻው የሄዱት ሰዎች ግን እድራቸውን ብዙዎቹ አላፈረሱም። ወርኃዊ መዋጯቸውን ይዘው፣ ሁለት ታክሲ ተሳፍረው ወደ ቀድሞው ሠፈር ይመጣሉ። ሲመለሱ በአንድ እጃቸው ከእህል በረንዳ የገዙትን ሽሮ እህል፣ በሌላው ከምን አለሽ ተራ ያሠሩትን ምድጃ ይዘው ነው። የታክሲው ረዳት ለዕቃው ለብቻው ያስከፍላቸዋል፤ እነርሱም እስከ ሰባተኛ ድረስ ይከራከሩታል።