ከአማካሪ ጋር ወደ ደብሩ ደን

በዩኒቨርሲቲዎቻችን ተመራቂ ተማሪ አማካሪ መምህር ተመድቦለት የመመረቂያ ጥናት ይሠራል። ብዙው ጥናት ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ መቅረቱ ያሳዝናል። ለደብረ ታቦር ተማሪ ግን ጥሩ የጥናት ርዕስ ደጁ ላይ ነው፦ የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደን።

መንገዱን ከጠረጉት አንዱ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንዱ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት፣ በ28 አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግበዋል።

በኋላም የአሜሪካው ኮልጌት ዩኒቨርሲቲ መምህራን መጡ። ባዮሎጂስቷ ካትሪን ካርደሉስ፣ ጂኦግራፈሮቹ ፒተር ስከልና ፒተር ክሌፒስ ከዶክተር ዓለማየሁ ጋር ሲሠሩ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቻቸውንም አሳትፈዋል። ሥራው ብዙ ሙያ ይጠይቃል፦ ችግኝ መቁጠር፣ ካርታ ማንበብ፣ ካህናቱን ማነጋገር።

ቡድኑ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1938፣ ከአውሮፕላን ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ከዘመኑ የሳተላይት ምስል ጋር አነጻጸረ። ደኖቹ ይመናመናሉ ተብሎ ሲፈራ፣ ስፋታቸው ብዙም አልቀነሰም። የሳሳው ውስጣቸው ነው፤ ትልልቆቹ ዛፎች አንሰዋል።

የቡድኑ ሌላ ጥናት ያተኮረው በደኖቹ ዙሪያ በሚሠራ የድንጋይ ካብ ላይ ነው። ካብ ከብት እንዳይገባ ስለሚከለክል ችግኝ ሳይረገጥና ሳይጋጥ ያድጋል። ድንጋዩ የሚለቀመው ከአካባቢው ማሳ ስለሆነ ደግሞ የገበሬው እርሻ አብሮ ይጸዳል።