ከጥግ ጠረጴዛ እስከ ራስ ሲኒማ፦ የአሜሪካ ፊልም ጥቁሮችን ያሳየበት መንገድ እንዴት ተለወጠ?

«ነገም ሌላ ቀን ነው» የሚለውን መጽሐፍ ብዙዎቻችሁ በስም ታውቁታላችሁ። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመው ነው። አሜሪካ ውስጥ ይሄው ታሪክ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ተብሎ በ1939 ፊልም ሆኗል። (ዛሬ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

በፊልሙ ላይ በባርነት ያለችውን ሞግዚት የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል በ1940 ኦስካር ወሰደች። ከጥቁሮች የመጀመሪያዋ ናት። ግን ሽልማቱ የተሰጠበት ሆቴል ጥቁር አያስገባም ነበር። በልዩ ፈቃድ ገብታ፣ ከፊልሙ ሰዎች ተነጥላ ግድግዳ ሥር ባለ ጠረጴዛ ተቀመጠች። ፊልሙ አትላንታ ላይ ሲመረቅማ፣ በዘር መለያየት ሕጉ ምክንያት ጭራሽ አልተገኘችም።

ከዚያ በፊት የነበረው ደግሞ ይብሳል።

በ1915 «ዘ በርዝ ኦፍ ኤ ኔሽን» የሚባል ፊልም ወጣ። ጥቁሮችን እንደ አውሬ፣ ነጭ ዘረኞቹን ኩ ክለክስ ክላን ደግሞ እንደ ጀግና ያሳያል። ዋና ዋናዎቹን የጥቁር ገጸ ባሕርያት የተጫወቱት ፊታቸውን ጥቁር የተቀቡ ነጮች ናቸው። ፊልሙ በዋይት ሐውስ ለፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰን ታየ። ከስሞ የነበረው ክላን በዚያው ዓመት እንደገና ተቋቋመ፤ ፊልሙንም ለዓመታት አባል መመልመያ አደረገው።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፊልም የሆነውን ብቻ አያሳይም፣ ገና የሚሆነውንም ይገፋል።

ፍቅርም ቢሆን ደንብ ነበረው። የሆሊውድ የራሱ መመሪያ ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ በነጭና በጥቁር መካከል ያለ ፍቅርን ማሳየት ይከለክል ነበር። የሀገሪቱ ሕግም እንደዚያው። በሰኔ 1967 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጋብቻ ክልከላውን ሲሽር፣ 16 ግዛቶች ገና ይከለክሉ ነበር።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ሲድኒ ፖይቲዬ የተወነበት «ጌስ ሁ'ስ ካሚንግ ቱ ዲነር» ለእይታ በቃ። አንዲት ነጭ ልጅ ጥቁር እጮኛዋን ይዛ ለእራት ቤተሰቦቿ ጋ ትመጣለች። ለጊዜው ትልቅ ድፍረት ነው። ግን ልብ በሉ፣ ሰውየው በዓለም የታወቀ ሐኪም ነው፤ ጨዋ፣ እንከን የማይወጣለት። ጥቁሩ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ለመቀመጥ ፍጹም መሆን ነበረበት። ልጅቷ ግን ራሷን መሆኗ በቃት።

በ1977 ቴሌቪዥን ተራውን ወሰደ። የኩንታ ኪንቴን ታሪክ የሚተርከው «ሩትስ» ለ8 ተከታታይ ምሽቶች ታየ። የመጨረሻውን ክፍል 100 ሚሊዮን ገደማ ሰው ተመለከተው። አሜሪካ ባርነትን ከባሪያው በኩል ሆና፣ ሳሎኗ ቁጭ ብላ አየች።

እሺ፣ ታሪኩ ተነገረ እንበል። ማን ነው የሚነግረው? ማንስ ነው እንዲታይ የሚፈቅደው?

እዚህ ጋ የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ ይመጣል። ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ያስተምር የነበረው ኃይሌ በ1993 «ሳንኮፋ»ን አወጣ። አንዲት ጥቁር ሞዴል ጋና ውስጥ ባሪያ ይጫንበት በነበረ ምሽግ ፎቶ እየተነሳች ወደ ባርነት ዘመን ትመለሳለች። የኃይሌ ባሪያዎች ለጌታቸው የሚሳሱ አይደሉም፤ ያምጻሉ። ፊልሙ በርሊን ፌስቲቫል ላይ ቢወዳደርም የአሜሪካ አከፋፋዮች አልተቀበሉትም።

ኃይሌና የፊልም ባለሙያዋ ባለቤቱ ሽሪክያና አይና ታዲያ አልለመኑም። ሲኒማ ቤት ተከራይተው ራሳቸው አሳዩት። ተመልካቹ እየተቀባበለ አስተዋወቀው፤ ሰልፍ ሆነ። በኋላም እዚያው ሃዋርድ ፊት ለፊት «ሳንኮፋ» የሚባል የመጻሕፍትና የቪዲዮ ቤት ከፈቱ። በ2021፣ ከ28 ዓመት በኋላ፣ ፊልሙ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ።

ነገሩ ግን አላለቀም። በ2015ም በ2016ም ለኦስካር የታጩት 20ዎቹም ተዋንያን ነጮች ነበሩ፤ ሕዝቡ በሃሽታግ ተቆጣ። በ2018 በራያን ኩግለር የተሠራው «ብላክ ፓንተር» ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። እንደኛ ሙርሲና ሱርማ ከንፈሩ ላይ ገል ያደረገውን፣ ሱፍ የለበሰውን ሽማግሌ ያስተዋላችሁ ትኖራላችሁ። «የጥቁር ፊልም አይሸጥም» የሚለው ሰበብ እዚያ ጋ አበቃለት።

ከሃቲ ጠረጴዛ እስከ ኃይሌ ሲኒማ ያለው ልዩነት አንድ ነው። እሷ የተሰጣትን ወንበር ተቀመጠች፣ ሌላ ምርጫ አልነበራትም። እሱ ወንበር እስኪሰጠው አልጠበቀም።

ስለዚህ ቀጣዩን ፊልም ስታዩ ማን ተወነ ብቻ አትበሉ። ማን ጻፈው? ማን አዘጋጀው? ማን ይታይ አለ? ብላችሁ ጠይቁ።

የእኛንም ቤት እንይ። በድራማዎቻችን ላይ የቤት ሠራተኛዋና ከገጠር የመጣው ዘበኛ ለምንድነው ብዙ ጊዜ መሳቂያ የሚሆኑት? የእነሱን ታሪክ እነሱ ቢጽፉት ምን ይመስል ነበር? ሐሳባችሁን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን፤ እናነባለን።