የስድስት ዓመቱ መንጋጋ

አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ከወተት ጥርሶቹ ኋላ፣ ከላይም ከታችም፣ በግራም በቀኝም አራት ትልልቅ መንጋጋዎች ያበቅላል። ቦታውን የሚለቅላቸው የወተት ጥርስ ስለሌለ የሚነቃነቅ ነገር አይኖርም፤ ወላጅም መምጣታቸውን ሳያውቅ ይቀራል። በኋላ ቀዳዳ ሲያይ «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» ይላል። አይወድቅም። ስድስት ዓመት ገደማ የሚበቅለው የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ነው፤ ከተነቀለ ምትክ የለውም።

ይህ ጥርስ የሚበቅለው ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ብር ይዞ ከቤት በሚወጣበት ዕድሜ ነው። ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ፣ በጉለሌ ትምህርት ቤቶች ደጃፍ፣ ያ ብር ከረሜላ ወይም ብስኩት ይሆናል። አዲስ ጥርስ ደግሞ ኢናሜሉ (የላይኛው ሽፋኑ) ገና አልጠነከረም፤ የማኘኪያ ገጹም የምግብ ትርፍራፊ በሚደበቅባቸው ጥልቅ ስርጉዶች የተሞላ ነው።

ጥርስን የሚበላ ትል የለም። ጥርስ ላይ የሚጣበቁ ባክቴሪያዎች፣ በተለይም ስትሬፕቶኮከስ ሙታንስ የሚባለው፣ ስኳር ሲያገኙ ወደ አሲድ ይለውጡታል። ጥርሱ ላይ ያለው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ የኢናሜሉ ማዕድን መሟሟት ይጀምራል። ምራቅ አሲዱን አለዝቦ ካልሲየምና ፎስፌቱን ወደ ጥርሱ ይመልሳል፤ ለዚህ ግን ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ያስፈልገዋል። በእረፍት አንድ ከረሜላ፣ ወደ ቤት ሲመለስ ሌላ፣ ማታ ስኳር የበዛበት ሻይ ከሆነ ምራቁ የጀመረውን ጥገና ሳይጨርስ ጥርሱ እንደገና ይጠቃል።

ከስኳሩ ብዛት ይልቅ ድግግሞሹ እንደሚጎዳ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በስዊድን ቪፔሆልም ሆስፒታል የተደረገ ጥናት ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ባለባቸው፣ ፈቃዳቸው ባልተጠየቀ ታካሚዎች ላይ ስለተደረገ ዛሬ ማንም ሊደግመው አይገባም። ውጤቱ ግን ግልጽ ነበር፤ ከምግብ ጋር የተበላ ስኳር ጉዳቱ አነስተኛ ሲሆን፣ በምግብ መሀል የተበላ የሚጣበቅ ከረሜላ የብዙዎችን ጥርስ አበላሸ። ስለዚህ ልጅን ጣፋጭ ጨርሶ ከመከልከል ከምሳው ጋር እንዲበላው ማድረግ፣ በመሀል ሲርበው ቆሎ መስጠት የተሻለ ይመስለኛል።

ኢናሜልን የሚያጠነክረው ፍሎራይድ በአገራችን እኩል አልተዳረሰም። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ከመጠን ያልፋል፤ በወንጂ የጉድጓድ ውኃ ሲጠጡ የኖሩ ሰዎች ጥርሳቸው በልዟል፣ የአንዳንዶቹም አጥንት ተጎድቷል። ለአዲስ አበባ ውኃ የሚሰጡት የለገዳዲና የገፈርሳ ግድቦች የሚይዙት የደጋ ዝናብ ግን ፍሎራይዱ አነስተኛ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ከጥርስ ሳሙና ሊያገኘው ይገባል፤ ወላጅም ሲገዛ መጠኑ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም መሆኑን ቱቦው ላይ ያንብብ። የወይራ መፋቂያ የፊት ጥርስን በደንብ ያጸዳል፤ ወደ መንጋጋው ስርጉድ ግን እምብዛም አይደርስም፣ ፍሎራይድም አይሰጥም። ቅርንፉድም ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ቀዳዳውን አይደፍንም።

አዲሱ መንጋጋ ከጎረቤቶቹ ዝቅ ብሎ ስለሚቆይ ብሩሹን ወደ ጎን አዙሮ፣ ወደ ኋላ አስገብቶ መቦረሽ ያስፈልጋል። የሰባት ዓመት ልጅ ይህን ብቻውን አይችልም። በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ የማታው አይቅር፤ የአተር ፍሬ ያህል ሳሙና ይበቃል፣ ከቦረሹ በኋላ አረፋውን መትፋት እንጂ አፍን በውኃ ደጋግሞ መጉመጥመጥ አያስፈልግም።

ለተቦረቦረ ጥርስም መንቀል ብቸኛው መንገድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ያካተተው ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ ያለ መሰርሰሪያ ተቀብቶ መበስበሱን ሊያስቆም ይችላል፤ የተጎዳውን ክፍል ማጥቆሩ ግን አይቀርም።

በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሕፃናት ቁርስና ምሳ በሚመገቡበት በዚህ ጊዜ፣ ከቁርስ በኋላ በመምህር ፊት ጥርስ መቦረሽ ለምን አይጨመርም? ፊሊፒንስ በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ከእጅ መታጠብና ከሆድ ትላትል መድኃኒት ጋር አጣምራ አድርጋዋለች። የሚያስፈልገው የየልጁ ብሩሽ፣ ሳሙናና ውኃ ነው፤ የሚጀመረውም መንጋጋው ገና በሚወጣበት በአንደኛ ክፍል መሆን አለበት።