በክትባት ወቅት የሕፃናትን ሕመም መቀነስ ይቻላል

በሰሜን ሸዋ ዞን በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋማ አካባቢዎች የሚወለድ ሕፃን እንደ ሌላው የአገሪቱ ሕፃን ሁሉ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ዕድሜው መከተብ ይገባዋል። በየቀጠሮው የአምስት በሽታዎች መከላከያና የሳንባ ምች መከላከያ ክትባቶች ጭኑ ላይ በመርፌ የሚሰጡት ሲሆን፣ በ14ኛው ሳምንት የፖሊዮ መርፌ ይታከላል። የሕፃኗ ለቅሶ ያስጨነቃት እናት ዳገቱን ወጥታ ለቀጣዩ ቀጠሮ ላትመለስ ስለምትችል፣ ሕመሙን መቀነስ የክትባት ሥራው አካል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 2008 ዓ.ም ባወጣው የአቋም መግለጫ እንዳመለከተው፣ እናት ልጇን ታቅፋ መርፌው በሚሰጥበት ጊዜ ወይም ጥቂት ቀደም ብላ ማጥባቷ ሕመሙን ይቀንሳል። መርፌው ከአንድ በላይ ሲሆን ይበልጥ የሚያመው በመጨረሻ ይሰጣል። ባለሙያው ተረጋግቶ መሥራት ያለበት ሲሆን፣ መርፌው ጡንቻ ውስጥ ከገባ በኋላ ደም መኖር አለመኖሩን ለማየት ወደ ኋላ መሳብ የለበትም።

በአንጻሩ ክትባቱን በእጅ ማሞቅን፣ የሚወጋውን ቦታ ማሸትንና አስቀድሞ የሕመም ማስታገሻ ሽሮፕ መስጠትን ድርጅቱ አይመክርም።

ዘዴዎቹ ተጨማሪ መድኃኒት አይጠይቁም። የሚያስፈልገው በጤና ኬላው እናት ተቀምጣ የምታጠባበት መቀመጫ፣ ከደጋው ብርድ የተከለለ ስፍራና የጥቂት ደቂቃ ትዕግሥት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይህን እንዲተገብሩ ሁኔታዎችን ማመቻቸት የወረዳና የቀበሌ አመራር አካላት ድርሻ ይሆናል።