የእግሩ ጥፋት አንገቱ ላይ ነው

ገንዳ ዳር ቆመን «እግርህን ምታ! ጠንክረህ ምታ!» እያልን ስንጮህ የሰማችሁ ወላጆች፣ ከእኛ ከአሰልጣኞቹ ወገን አንድ ነገር ሹክ ልበላችሁ፦ ያ ጩኸት ብዙ ጊዜ ልጁን ያበላሸዋል።

ይህን ያስተማሩኝ ወንዝ ለወንዝ ያደጉ የአሰንዳቦ ልጆች ናቸው። ወንዝ ያሳደገው ልጅ ውሃ አይፈራም፤ ትልቅ ሀብት ነው። ድፍርስ ውሃ ውስጥ ግን ፊቱን መንከር አልለመደም፤ አንገቱን እንዳቀና ይሻገራል። ጭንቅላት ቀና ሲል ወገብ ይሰምጣል፣ እግርም ይንጠለጠላል። ያኔ ልጁ ላለመስጠም ጉልበቱን እያጠፈ ቢስክሌት እንደሚነዳ ሰው ይረግጣል። ውሃው ይንቦጫረቃል፣ እሱ ግን ፈቅ አይልም። «ጠንክረህ» ስትሉት ጉልበቱን ይብስ ያጥፋል።

ስለዚህ መጀመሪያ እግሩን እተወዋለሁ። ፊቱን ነክሮ አረፋ እያስወጣ፣ እጁን ዘርግቶ እንደ ግንድ መንሳፈፍ ይልመድ፤ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ይፍጅ። ይዘውት የሚለማመዱትን ሰሌዳ እንኳ ቶሎ አልሰጥም፤ ሰሌዳ የያዘ ልጅ አንገቱን መልሶ ያቀናል። ሰውነቱ ውሃው ላይ ሲጋደም ምቱ ከዳሌው ይነሳል፣ ጉልበቱ ላላ ይላል፣ የእግሩ ጣቶች ወደ ኋላ ይዘረጋሉ። ተረከዙ የውሃውን ገጽ ነካ ካደረገ በቂ ነው። በነጻ ቀዘፋ ዋናተኛውን በዋናነት የሚጎትተው ክንዱ ነው፤ እግር ይበልጡን ሰውነቱን አጋድሞ ይይዛል። የአጭር ርቀት ዋናተኞች ሁለቱን ክንዶቻቸውን አንድ ዙር ሲያዞሩ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ጊዜ ይመታሉ፤ የረጅም ርቀቶቹ ሁለት ጊዜ ብቻ መምታታቸው የተለመደ ነው።

የቁርጭምጭሚት ነገር ደግሞ አለ። ብዙ የሚሮጥ ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ግትር ሊሆን ይችላል፤ እግሩ እንደ መኮትኮቻ ቆሞ ሲመታ ወደ ኋላ ሲሄድ አይቻለሁ። ውሃ ከመግባቱ በፊት ተንበርክኮ ተረከዙ ላይ ለጥቂት ጊዜ ይቀመጥ፤ ካመመው ይነሳ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። በ1996 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ለአሰንዳቦ ቅርብ ነው። ውሃው በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይሸሻል፤ ትናንት እግር የቆመበት ቦታ ዛሬ ላይገኝ ይችላል። እግር መምታት የቻለ ልጅ የሚደፍረው ደግሞ እሱን ነው። ዋና የሚችል አዋቂ ዳር ሳይቆም ልጃችሁን ወደዚያ አትልቀቁት።